የተቆለፈበት እርሾ

ሳሪስ ውስጥ፣ ከዋናው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ ነበር። ስድስት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤት። ፈልጋችሁ ብታጡት አትፍረዱብኝ፤ የምሳሌ ግቢ ስለሆነ የቤት ቁጥር የለውም። ሳሪስ ያደገ ሰው ግን "ይሄማ የእነ እገሌ ግቢ ነው" ማለቱ አይቀርም።

በዚያ ግቢ ሁሉም "እማማ" የሚሏቸው ባልቴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠርተው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ አረፉ። ከዚያ ወዲህ እማማ የሚተዳደሩት ለሰው እንጀራ እየጋገሩ ነው። ንብረት ከተባለ አፉ የተሸረፈ የሸክላ ቡሃቃ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ሰፌድ፣ ጽሑፉ የለቀቀ አሮጌ የኒዶ ጣሳ አላቸው።

ጣሳው ሥራ ነበረው። አዲስ ተከራይ ግቢው ሲገባ፣ አልጋው ሳይገጠም፣ ዕቃው ከካርቶን ሳይወጣ፣ እማማ ጣሳውን እርሾ ሞልተው፣ አፉን በላስቲክ አስረው በልጅ ይልካሉ። "ሌላ ሌላውን ከሱቅ ይገዛሉ፤ ደህና እርሾ የሚሸጥ ሱቅ ግን አላየሁም" ይላሉ። ጣሳው ባዶውን አይመለስም። ተቀባይዋ አቡክታ፣ ጋግራ፣ ደግማ ስታቦካ ከራሷ እርሾ ቀንሳ ሞልታ ትመልሳለች። እማማም የመጣውን ቡሃቃቸው ውስጥ ይጨምሩታል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የጠየቃቸው ሰው የለም። የአሮጊት ነገር ተብሎ ታልፏል። ጣሳውን ወስደው በዚያው የቀሩም ነበሩ፤ አሁን የያዙት ሦስተኛው ጣሳ ነው።

እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት ለሚገዛ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የጤፍ ዱቄት ተነፍቶ፣ በውሃና በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሊጡ ወደ ታች ይረጋል፣ ቢጫ ውሃ ላዩ ላይ ያቀርራል። በመጋገሪያው ቀን ያ ውሃ ይቀነሳል፤ ከሊጡም ጥቂት ተወስዶ እሳት ላይ ይበስልና ተመልሶ ይጨመራል፤ አብሲት መጣል የሚባለው ይኸ ነው። ያኔ ሊጡ ኩፍ ይላል። ከሊጡ ተጋግሮ የሚተርፍ፣ ቡሃቃው ግድግዳ ላይም የሚቀር አለ፤ እሱና ያ የተቀነሰው ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆናሉ። ስለዚህ በዛሬው እንጀራ ውስጥ የባለፈው ሳምንቱ አለ፣ በባለፈው ሳምንቱ ውስጥ ደግሞ የአምናው። ያለ እርሾ አይቦካም ማለቴ አይደለም። ዱቄትና ውሃ ብቻቸውን ቢቆዩም መቡካታቸው አይቀርም፤ ግን ይዘገያሉ፣ ጠረናቸውም አይታመንም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። እርሾ እንደ ማር ተከድኖ ዓመት አይቀመጥም። በሕይወት የሚቆየው በየጊዜው እየተቦካ፣ እየተጋገረ፣ እየተበላ ሲሄድ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንዲት ወጣት ሴት ከባሏ ጋር ግቢው ውስጥ ቤት ተከራየች። ባሏ የሲኖትራክ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ጣሳው እንደ ደንቡ ደረሳት። እጇ ሥራ ያውቃል። መጀመሪያ ለቤቷ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ሱቅ፣ ከዚያ ለሁለት ምግብ ቤቶች መጋገር ጀመረች። እንጀራዋ ስስ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሲጠቀለል የማይሰነጠቅ ነበር። ሲሞላላት ከግቢው ወጥታ ፊት ለፊት የብረት በር ያለው ቤት ተከራየች፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች፣ ሁለት ሠራተኛ ቀጠረች። በቡሃቃ ፋንታ ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል አስገባች። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ትከፍታለች፤ ግቢው ወዶም ሳይወድም አብሯት ይነቃል።

ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ረቡዕና ዓርብን አትገድፍም፤ ወር በገባ በ5 አቦን ሳትሳለም አትውልም፤ የቤቷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕለ አድኅኖ ነው። ከባሏ ጋር ተጣልታ ካልሆነ በቀር ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምሳሌ ስንሰማ ጥፋተኛው እኛን እንዳይመስል ቀንድ ልናበቅልለት ስለምንቸኩል ነው።

ቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር ከመጣች ብዙም አልቆየችም። አንድ ቀን ሲመሽ ኩባያ ይዛ የብረት በሩን አንኳኳች።

"እትዬ፣ ትንሽ እርሾ ቢኖርዎት ብዬ ነው።"

"በማታ እርሾ ከቤት አይወጣም፤ በረከት ይዞ ይሄዳል" አለቻት ጋጋሪዋ።

ልጅቷ በነጋታው ከሥራ በፊት ተመልሳ መጣች። ጋጋሪዋ ይህን አልጠበቀችም።

"እይውልሽ እህቴ፣ እርሾዬ እኮ ንግዴ ነው። ዛሬ ላንቺ ብሰጥ፣ ነገ አንቺም ለምግብ ቤት ማቅረብሽ አይቀርም።"

"እኔ እሑድ እሑድ ለራሴ ነው የምጋግረው።"

"ሁሉም መጀመሪያ ለራሱ ነው የሚጋግረው" አለችና በሩን ዘጋችው። ውሸቷን አልነበረም፤ እሷም የጀመረችው እንዲሁ ነው። በዚያው ሳምንት ለበርሜሉ መቀርቀሪያ አሠርታ ቁልፍ ገዛችለት። ሠራተኞቿ ቀንሰው ይሰጣሉ ብላ ጠርጥራለች።

ልጅቷ እማማ ጋ ሄደች። እማማ ምንም አልጠየቋትም። ጣሳውን ሞልተው ሰጧት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣሳው ሞልቶ ተመለሰ።

መስከረም ጠባ። ጋጋሪዋ ግሸን ማርያም የመሄድ ስለት ነበረባት። መስቀልን ከዋለች በኋላ በ18 ተነሣች፤ 21 የሚከበረውን በዓል አክብራ፣ ከማኅበረተኞቿ ጋር ላሊበላንም ተሳልማ ልትመለስ ነው። ለሠራተኞቿ ፈቃድ ሰጠች። በርሜሉ ውስጥ የተረፈውን ሊጥ ከነእርሾው ግጥም አድርጋ ከደነችው፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ተራራው ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ልቧ እስኪቀልላት ጸለየች። የምር ነበር። በመስከረም 30 ማታ ጠበሉን በሃይላንድ ሞልታ፣ እምነቱን በጨርቅ ቋጥራ ሳሪስ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሄዳ በርሜሉን ከፈተችው።

ጠረኑ ወደ ኋላ መለሳት። ላዩን አረንጓዴ ሻጋታ ሸፍኖታል፣ ከሥሩ ያለው ጠቁሯል። በእጇ ገለጥ አድርጋ ደህና ቦታ ፈለገች፤ የለም። ሠራተኞቿን ጠርታ እኩለ ሌሊት ላይ በርሜሉን ቱቦ ውስጥ ደፉት።

ጥቅምት 5 ዓመታዊው አቦ ነው። አንዱ ምግብ ቤት 300 እንጀራ አዟል፤ ለዝክር ያዘዙም አሉ። በ1 ጠዋት ከሱቅ የዳቦ እርሾ በፓኬት ገዝታ አቦካች፣ በ2 ጋገረችው። ላዩ ልሙጥ፣ ዓይን የሌለው፣ ሽታው ዳቦ ዳቦ የሚል ነገር ወጣ። ምግብ ቤቱ ከነሰፌዱ መለሰላት። "እትዬ፣ በዚህ ላይ ወጥ ላወጣበት ነው?" አለ የወጥ ቤት ኃላፊው። ሲመሻሽ ነጠላዋን ተከናንባ የድሮ ግቢዋ ገባች። እማማ ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የጋገሩትን እያበረዱ ነው።

"እማማ፣ እርሾ አለዎት?"

"እኔስ መች አለኝ የኔ ልጅ። ቡሃቃው በመስቀል ማግስት ተሰበረ። ድመት ናት። ሊጡንም እርሾውንም መሬት ጠጣው።"

ጋጋሪዋ ሰፌዱ ላይ ያለውን እንጀራ አየች። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው።

"ታዲያ ይሄ…?"

"ይሄማ የዚያች የቡና ለቃሚዋ ነው። ቡሃቃው የተሰበረ ዕለት ማታ በኩባያዋ ይዛልኝ መጣች። ማን እንደነገራት እንጃ። ከባልዲ ነው እያቦካሁ ያለሁት።"

"እስቲ ከዚሁ ትንሽ ቢቀንሱልኝ።"

"ዛሬ ስለጋገርኩ አሟጥጬዋለሁ፤ በዚያ ላይ አንቺ የምታቦኪው በበርሜል ነው። እሷ ጋ ሙሉ አለ። ተነሺ ላሳይሽ፣ ቤቷን አታውቂውም።"

ጉልበታቸውን እያሻሹ ተነሡ፣ ዱላቸውንና ጣሳውን ያዙ። በባቡሩ አጥር ሥር አልፈው፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ኮረት መንገድ ጨርሰው አንድ የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ጋጋሪዋ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። ስለ ማታና ስለ በረከት፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ሠራተኞቿ አመል። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ላይ የቡና ገለባ አለ።

"ይግቡ እንጂ እትዬ፣ ብርድ ነው።"

ጋጋሪዋ ገባች። የተዘጋጀው ንግግር አልወጣም። "እርሾ…" ብቻ አለች። ልጅቷ ከአልጋው ሥር የላስቲክ ባልዲዋን ስባ አወጣች፤ ያቀረረውን ቀስ ብላ እያዘነበለች ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችው፣ በላስቲክ አሰረችው።

"እትዬ፣ ጣሳውን ከእሑድ እንዳያሳልፉት። አጠገባችን አዲስ ተከራይ ገብታለች።"

በዚያ ሌሊት ተቦካ። በ4 ማታ አብሲት ተጣለ፣ ሊጡ ኩፍ አለ። በ5 ጠዋት እንጀራው ምግብ ቤቱ ደረሰ። የቀመሰ ሰው ልዩነት አላገኘም። ያው የድሮው ነበር፤ ጋጋሪዋ "የኔ" ስትለው የኖረችው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺው ረጅም አይደለም፣ ግን አንድ ሁለት ቦታ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

በእግዚአብሔር መኖር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መሙላት ነው። ሱባዔ ገብተን፣ ተራራ ወጥተን፣ ኮንፈረንስ ተካፍለን፣ ሌሊት ቆመን አስቀድሰን እንሞላለን፤ ከዚያ በሞላነው እንከርማለን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በዚህ አይለያይም፤ የሚለያየው የምንሞላበት ቦታ ነው። ጋጋሪዋ ግሸን መሄዷ ስሕተት አልነበረም፣ እንባዋም የውሸት አልነበረም። ነገር ግን እሷ ላይ ቤት ስታለቅስ ታች ቤት የቆለፈችበት ነገር እየሻገተ ነበር፤ ለቅሶው ሻጋታውን አላቆመውም።

ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 15 የጻፈው የሐሙስ ማታ ንግግር ለዚህ ነው የሚገርመኝ። ኢየሱስ በወይን ግንድና በቅርንጫፍ መስሎ በእኔ ኑሩ ሲል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ ወደሚለው ይሻገራል። አድማጮቹም እግራቸው በዚያችው ማታ የታጠበላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ሁለቱን ለያይተን ለሁለት ስብከት አደረግናቸው፤ አንዱን ለጸሎት ሰዎች፣ ሌላውን ለበጎ አድራጊዎች። ዮሐንስ ራሱ ይህ እንዳይሆን የፈራ ይመስላል፤ በመጀመሪያው መልእክቱ ነገሩን አፍርጦታል፦ የሚያየውን ወንድሙን የማይወድ፣ የማያየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ ቢል ውሸታም ነው ብሎ።

የእርሾም ምሳሌ ከኔ በፊት ተነግሯል። ማቴዎስ ምዕራፍ 13 ላይ ያለችው ሴት እርሾዋን በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ትሸሽገዋለች። ይህን ስናነብ አንዲት እናት ለቤቷ ስታቦካ ይታየናል። በጥንቱ ልኬት ግን ሦስት መስፈሪያ ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ዱቄት ነው፤ ዳቦው ከ100 ሰው በላይ ያበላል። የአንድ ቤት ቡኮ አይደለም፤ የድግስ ነው። ሴትዮዋ ስታቦካ ገና ከጅምሩ ጎረቤቶቿን ቆጥራለች። (ያው ወንጌል ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠንቀቁ እንደሚልም አልረሳሁም። ቂምም ሐሜትም በጣሳ ከቤት ቤት ይዞራል፤ እሱን ለማቀባበልማ ማን ይቀድመናል።)

ሳሪስ አቦ በየወሩ በ5፣ ይልቁንም በመጋቢትና በጥቅምት፣ ነጠላ ለብሶ ደጁን የሚሞላውን ሕዝብ ያየ ሰው ሃይማኖታችን ደክሟል አይልም። አቦ፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ዝቋላ ተራራ ላይ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር የኖሩ ገዳማዊ ናቸው። ሥዕላቸው ላይ ሁልጊዜ አንዲት ወፍ ወደ ዓይናቸው ተጠግታ ትታያለች፤ በውሃ ጥም ልትሞት የደረሰች ወፍ እንባቸውን እንደጠጣች ነው ገድላቸው የሚተርከው። ዓለምን ጥሎ፣ ሰው ሽሽት ተራራ የወጣ ሰው ደጅ ላይ እንኳ የተጠማ አልጠፋም፤ ያለው ፈሳሽ እንባው ብቻ ቢሆን እሱኑ ሰጠ። ብቸኝነትን ለሚመርጡ መነኮሳት፣ ብቻውን የሚኖር የማንን እግር ያጥባል ብሎ የጠየቀው የቂሳርያው ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያ የሠራ ጳጳስ ነው። የአቦ ወፍ ለባስልዮስ ጥያቄ መልስ ትመስለኛለች። በ5 ሥዕሉን ተሳልመን፣ በ6 በራችንን ያንኳኳችውን ባለ ኩባያ ልጅ ስንመልስ የሳምነው ምን እንደነበር ግራ ይገባኛል።

ከግሸን ስለሚመለስ ሰው ሳስብ ደግሞ አበበች ጎበና ትዝ ይሉኛል፤ እሳቸው የምሳሌ ሰው አይደሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ግሸን ማርያም ሲሄዱ ወሎን ድርቅ መትቶት ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናት ደረት ላይ የቀረች ሕፃን አገኙ። ከንግሡ መልስ ይዘው የገቡት ጠበልና እምነት ብቻ አልነበረም፤ ልጅ አዝለው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው የገቡት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸው ከልጆቹና ከትዳርሽ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ከቤት ወጡ፣ ጎጆ ውስጥ ኖሩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን አሳድጎ ነበር። እኚህ ሴት ተራራው ጫፍ ላይ ምን ብለው እንደጸለዩ የተጻፈ ነገር አላነበብኩም። ሲወርዱ ያደረጉትን ግን አገር ያውቃል።

አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ። ለመጣው ሁሉ ብሰጥ ባዶ እቀራለሁ የሚል። ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ስለ ልግስና መስበክ ቀላል አይደለም። እማማም ባዶ ቀርተዋል፤ ቡሃቃቸው ተሰብሮ አንድ ማንኪያ እርሾ አልነበራቸውም። ጣሳው ሁልጊዜ ሞልቶ ይመለሳል ብዬ አልዋሽም፣ ሁለት ጣሳ ወጥቶ መቅረቱን ነግሬያችኋለሁ። ልዩነቱ ሌላ ነው። እማማ ባዶ ሲሆኑ እርሾው ሳሪስ ውስጥ በየቤቱ ነበር፤ ጋጋሪዋ ባዶ ስትሆን ግን የእሷ የትም አልነበረም፤ ከማንም ቤት አላስቀመጠችውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኔንም ሲያስቸግረኝ የኖረ ነው። ጎረቤቴን ባልወደውስ? ፍቅር በትእዛዝ ይመጣል ወይ? ምሳሌው ውስጥ እማማ ጋጋሪዋን ይወዷት እንደሆነ አልነገርኳችሁም። እውነቱን ከፈለጋችሁ ብዙም የሚወዷት አይመስለኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያ የምታስነሣቸው እሷ ናት፤ ለቡና ለቃሚዋ በሩን መዝጋቷንም ሰምተዋል። ያን ዕለት ማታ ግን በማይታዘዝ ጉልበታቸው ዱላ ተደግፈው ያን ሁሉ ኮረት ወርደው ቤቱን ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው፤ ሲመለሱም መንገዱ ዳገት ነበር።